ድንበር አካባቢ ስልኬ የጎረቤት አገር ኔትወርክ እየያዘ ተቸገርኩ

የምሠራው ድንበር አጠገብ ባለ ሰፊ የከብት እርባታ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ብቻዬን ነኝ። ኮረብታው ላይ የአገሬ ኔትወርክ በመጠኑም ቢሆን ይሠራል። ወደ ከብቶቹ ማጠጫ ገንዳ ስወርድ ግን ስልኩ ከማዶው አገር አንቴና ጋር ይገናኛል፤ ሰዓቱ ሳይቀር ይቀየራል። የሮሚንግ ዳታ (በሌላ አገር ኔትወርክ በኩል የሚሠራውን ኢንተርኔት) ስላጠፋሁ ሂሳቡ ቀንሷል። "አውቶማቲክ" የሚለውን አጥፍቼ የአገሬን ኔትወርክ ራሴ ስመርጥ ደግሞ ጭራሽ "አገልግሎት የለም" ይላል። ትልቁ ስጋቴ የአደጋ ጥሪ ነው። ኮርማ ቢወጋኝና ብደውል፣ ስልኩን የሚያነሱት የሌላ አገር ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ፤ እነሱ ደግሞ ድንበር ተሻግረው አይመጡልኝም። እንደኔ ሜዳ ለሜዳ እየተንቀሳቀሰ ለሚሠራ ሰው፣ መኪና ላይ የሚገጠም የሲግናል ማጉያ ይሻላል ወይስ በሳተላይት መልእክት የሚልክ መሣሪያ?