የውሃ ማጣሪያ ፒኤልሲዎችን ሥራ ሳይስተጓጎል ከሳይበር ጥቃት መከታተል የሚቻለው እንዴት ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ጣቢያው ስድስት ፒኤልሲ (ፓምፕና ቫልቭ የሚያዝ የኢንዱስትሪ ኮምፒውተር) አለው፤ ሁሉም ከስካዳው (ጣቢያውን በስክሪን ከምንከታተልበትና ከምናዝበት ሥርዓት) ጋር የሚነጋገሩት በሞድባስ ቲሲፒ በሚባል የኔትወርክ ቋንቋ ነው። ሰው ገብቶ የክሎሪን መጠን ወይም የፓምፕ ትዕዛዝ ቢቀይር ቶሎ ለማወቅ ከየት ይጀመር? በኤንማፕ (ኔትወርክ ላይ ያሉ መሣሪያዎችን ጥያቄ እየላከ የሚያስስ ፕሮግራም) መፈተሽስ ይቻላል?

መልስ 1፦ ኤንማፕን ሥራ ላይ ባለ ፒኤልሲ ላይ እንዳትለቁ። የቆየ ፒኤልሲ የማያውቀው ጥያቄ ሲጎርፍበት ቀጥ ሊል ይችላል፣ ፓምፑም አብሮት ሊቆም ይችላል። ዝም ብላችሁ አዳምጡ፦ ስዊቹ ላይ ሚረር ፖርት (የሌሎች ፖርቶችን ትራፊክ ገልብጦ የሚያወጣ ፖርት) ከፍታችሁ ዚክ ወይም ሱሪካታ የተባለ የኔትወርክ መከታተያ ፕሮግራም ያለበት ኮምፒውተር ግጠሙ። የስካዳውን ፖርት ብቻ ብትገለብጡ ከሌላ አድራሻ በቀጥታ ወደ ፒኤልሲ የሚሄደው አይታያችሁም፤ ብዙ ፖርት ወደ አንድ ከተገለበጠ ደግሞ ፓኬት ሊጠፋ ይችላል፤ ስለዚህ የየፒኤልሲውን መስመር እየመዘናችሁ ምረጡ። ሞድባስ የይለፍ ቃል አይጠይቅም፤ ፖርት 502 ላይ የደረሰ ሁሉ ያዛል። እያንዳንዱ የሞድባስ መልእክት ዓይነቱን የሚናገር ኮድ አለው፦ ኮድ 3 ንባብ ነው፤ 5፣ 6፣ 15 እና 16 ግን ይጽፋሉ። ከስካዳው ውጭ ካለ አድራሻ አንድ 6 እንኳ ቢመጣ ማንቂያው ይጩህ።

መልስ 2፦ ትዕዛዙ ከራሱ ከስካዳው ኮምፒውተር ቢመጣስ? በ2015 ዩክሬን ውስጥ በኤሌክትሪክ አከፋፋዮች ላይ በደረሰው የሳይበር ጥቃት ብሬከሮቹ (የመብራት መስመር ማቋረጫዎቹ) የተከፈቱት በኦፕሬተሮቹ ስክሪን በኩል ነው፤ 225,000 ገደማ ደንበኞች መብራት አጡ። በኢራኑ የናታንዝ የኒውክሌር ጣቢያ ላይ ደግሞ ስታክስኔት የተባለው ቫይረስ ቀድሞ የቀዳውን ጤናማ ንባብ መልሶ ያሳይ ነበር። ስለዚህ ውሃውን ራሱን ጠይቁት። ወለሉ 200 ሜትር ካሬ፣ ግድግዳው ቀጥ ያለ ገንዳ በሰዓት 300 ሜትር ኩብ ገብቶበት 180 ከወጣ፣ ከፍታው በ10 ደቂቃ 10 ሴንቲ ሜትር መጨመር አለበት። ስክሪኑ ፍንክች ካላለ ወይ ሜትሩ ተበላሽቷል ወይ ሰው እየዋሸ ነው፤ ሁለቱም ሰው ወደ ገንዳው ያስልካሉ።

ጠያቂ፦ ንባቡ የሚመጣው ግን በዚያው ፒኤልሲ በኩል ነው።

መልስ 2፦ ትክክል፣ ዋናው ነገር እሱ ነው። ከከፍታ መለኪያው ወደ ፒኤልሲው የሚሄደውን የ4–20 ሚሊአምፕ የኤሌክትሪክ ምልክት በአይሶሌተር (ምልክቱን ሳይነካ ለሁለት በሚያካፍል መሣሪያ) ከፍላችሁ፣ ከኔትወርኩ ጋር ወዳልተገናኘ መቅጃ ውሰዱት። ያለ አይሶሌተር ለመቅጃው 250 ኦም ሬዚስተር በተርታ ብትጨምሩ ግን ትራንስሚተሩ (ምልክቱን የሚልከው መለኪያ) ከአቅሙ በላይ ሊጫን ይችላል፤ ያኔ 20 ሚሊአምፕ ሳይደርስ ይቀራል፣ ገንዳው ሞልቶ እየፈሰሰ ንባቡ ዝቅ ብሎ ይታያል።

መልስ 3፦ የፒኤልሲውን የሞድ ቁልፍ ራን (ሥራ ብቻ) ላይ አድርጋችሁ ንቀሉት። በ2017 ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ ትራይተን የተባለው ተንኮል አዘል ፕሮግራም የአንድ ፋብሪካ የደህንነት መቆጣጠሪያ ውስጥ የገባው ቁልፉ ፕሮግራም (ፕሮግራሙን መቀየር የሚፈቅደው ቦታ) ላይ ተትቶ ስለነበር ነው። ቁልፉ ግን የፕሮግራም ለውጥን እንጂ በኮድ 6 የሚመጣን ሴትፖይንት (እንዲጠበቅ የሚታዘዝ መጠን) አያግድም። የክሎሪኑን ዝቅተኛና ከፍተኛ ወሰን በፒኤልሲው ሎጂክ ውስጥ ጻፉት፤ ከዚያ የወጣ ቁጥር ከየትም ይምጣ አይቀበል።