አስቸኳይ! ስፒድማስተሬ በድንገት መቅደም ጀመረ

ናቲ ቨርጂኒያ፦ ሰላም ቤተሰብ። የኦሜጋ ስፒድማስተር ሰዓቴ ከትናንት ጀምሮ እየቀደመ ነው። ጠዋት ከስልኬ ጋር አስተካክዬው ምሳ ላይ ሰባት ደቂቃ ቀድሞ አገኘሁት። አልወደቀም፣ ውሃም አልነካውም። ዛሬ ማታ ሰው ሊገዛው ይመጣል! ፌክ ሸጠውልኝ ይሆን እንዴ?

ቢኒ፦ ባትሪውን ቀይረው።

ኤልሳ፦ ቢኒዬ፣ በእጅ የሚሞላ ሰዓት እኮ ነው፣ ምን ባትሪ አለው? ናቲ፣ ማሽኑ የትኛው ነው? ማታ የት ነው የምታስቀምጠው?

ጋሽ ታሪኩ፦ ልጆች፣ መጀመሪያ ምን እንደያዛችሁ እወቁ። ኦሜጋ ሉዊ ብራንት እ.ኤ.አ. በ1848 ስዊዘርላንድ፣ ላ ሾ ደ ፎን ውስጥ የጀመረው ሥራ ነው። ልጆቹ በ1880 ወደ ቢል ከተማ አዛወሩት። ስፒድማስተር በ1957 ሲወጣ የታሰበው ለመኪና እሽቅድምድም ነበር፤ ጠርዙ ላይ ያሉት ቁጥሮች የፍጥነት ማስያ ናቸው። ናሳ እስከ 93 ዲግሪ ሙቀት ድረስ ጠብሶ፣ አቀዝቅዞ፣ አንቀጥቅጦ በ1965 አሳለፈው። በአፖሎ 11 ጊዜ የመንኮራኩሯ ሰዓት ስለተበላሸ አርምስትሮንግ የራሱን እዚያው ትቶ ወረደ። ጨረቃ ላይ የወጣው የኦልድሪን ነው። እሱም በኋላ ጠፋ፣ እስከ ዛሬ የት እንደገባ አይታወቅም።

ሳሚ፦ ኦሜጋ ከ1932 ጀምሮ የኦሊምፒክ ሰዓት ነው እያሉ ይኩራራሉ። ቶኪዮ 1964 ላይ የአበበ ቢቂላን 2:12:11 የለካው ግን የጃፓኑ ሴይኮ ነው። እኔም ሴይኮ ነው የማስረው፣ ሰላሜን አግኝቻለሁ።

ጋሽ ታሪኩ፦ ለካው እንጂ አልሮጠለትም።

ናቲ ቨርጂኒያ፦ ጋሼ፣ ታሪኩን ለገዢው እነግረዋለሁ፤ አሁን ግን እየቀደመ ነው! ኤልሳ፣ ማሽኑ 1861 የሚባለው ነው። ማታ ስልኬ ቻርጀር አጠገብ ነው የማስቀምጠው። አዲስ ነው፣ ያ ስልኩን ልጥፍ አድርጎ የሚይዘው።

ኤልሳ፦ በቃ፣ ማግኔት ይዞታል። ውስጡ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቅል ሞላ አለ። ማግኔት ሲነካው ጥቅሎቹ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፣ ሞላው ያጠረ ያህል ይሆንና ሰዓቱ ይፈጥናል። ስልክህ ላይ ኮምፓስ ክፈትና ሰዓቱን ቀስ ብለህ በአጠገቡ አሳልፈው። አቅጣጫው ከዞረ እሱ ነው። ሰዓት ሠሪዎች ማግኔት ማጥፊያ አላቸው፤ ክዳኑ ሳይከፈት በሰከንዶች ያልቃል። ካልዞረ ግን አትነካካው፣ ተከፍቶ ይታይ።

ሄኖክ፦ ጨረቃ የደረሰ ሰዓት በቻርጀር ተሸነፈ? ፌክ ነው ባክህ!

ኤልሳ፦ ናሳ በስልክ ቻርጀር አልፈተነውም። አዲሱ 3861 ማሽን 15,000 ጋውስ (የማግኔት ጉልበት መለኪያ ነው) ይችላል፤ 1861 ያን አቅም የለውም። ፌክነቱ ካሳሰበህ መስታወቱን በአጉሊ መነጽር እየው። መስታወቱ የፕላስቲክ ዓይነቱ ከሆነ ልክ መሃሉ ላይ ከመርፌ ጫፍ ብዙም የማይበልጥ የኦሜጋ ምልክት አለ። ብርሃን ላይ አዘንብለው። መስታወቱ ተቀይሮ ከሆነ ላይኖር ይችላል፣ ፌኮችም ይኮርጁታል፤ ቁርጡን የሚነግርህ ማሽኑን ከፍቶ ያየ ሰው ነው።

ሮማን፦ ለገዢውም ንገረው እንጂ። ነገ ቢቀድምበት ሌባ ነው የሚልህ።

ናቲ ቨርጂኒያ፦ ኮምፓሱ አበደ! ሰዓት ሠሪው ሳይዘጋ እየሮጥኩ ነው።

ቢኒ፦ ከሄድክ አይቀር ባትሪውንም አሳየው።

ኤልሳ፦ ናቲ፣ ምን አሉህ? ተስተካከለ?

ሮማን፦ ዝም አለ። ሸጦት ይሆናል።

ሳሚ፦ ካልሸጥከው ስንት ነው የምትለው? በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።