«ካታሊስቱ ተመረዘ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ፊደል ቆጣሪ፦ ስለ አሞንያ ማምረቻ በተጻፈ ነገር ላይ «ካታሊስቱ ተመረዘ» ይላል። ካታሊስት ራሱ ሳያልቅ የኬሚካል ለውጥን የሚያፋጥን ነገር መሆኑን አውቃለሁ፤ እዚህ ብረት ነው። ብረት እንዴት ይመረዛል? «ደከመ» ቢባል አይሻልም?

ነጭ ጋውን፦ አይሻልም፤ ምክንያቱን ይደብቃል። ሥራው የሚሠራው በካታሊስቱ ገጽ ላይ ባሉ ጥቂት ንቁ ቦታዎች ነው። ድኝ እነዚያን ቦታዎች ሙጭጭ ብሎ ይይዝና ተዋህደው አሞንያ የሚሆኑት ናይትሮጅንና ሃይድሮጅን ማረፊያ ያጣሉ። ኢምንቱ ብዙውን ስለሚያሽመደምድ ነው መርዝ መባሉ። የተፈጥሮ ጋዝ፣ ሃይድሮጅን የሚወጣበት የኒኬል ካታሊስት ዘንድ ከመድረሱ በፊት ድኙ ከ0.1 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ 0.1) በታች እንዲወርድ የሚፈለገውም ለዚሁ ነው።

ፊደል ቆጣሪ፦ በምን ይወርዳል?

ነጭ ጋውን፦ ድኙ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ከሆነ ቀላል ነው፤ ከ350 እስከ 400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ ዚንክ ኦክሳይድ ውስጥ ሲያልፍ ዚንክ ሰልፋይድ ሆኖ እዚያው ይቀራል። እንደ ቲዮፊን ያሉት ኦርጋኒክ የድኝ ውህዶች ግን ሾልከው ያልፋሉ። ስለዚህ አስቀድሞ በኮባልት-ሞሊብዲነም ካታሊስት ላይ ከሃይድሮጅን ጋር ተገናኝተው ወደ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይለወጣሉ። የሃይድሮጅኑ መስመር ከተቋረጠ ዚንክ ኦክሳይዱ አዲስ ቢሆንም ድኙ ያልፋል፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለ ምክንያት በዚንኩ ላይ ይላከካል።

ሰምና ወርቅ፦ መርዝ ሁሉ ግን አይገድልም። ውሃና ካርቦን ሞኖክሳይድም የአሞንያውን የብረት ካታሊስት ይመርዛሉ፤ ንጹሕ ጋዝ ሲያልፍበት ግን በአብዛኛው ያገግማል። ድኝ የያዘው ብረት እንደዚያ አይመለስም።

ፊደል ቆጣሪ፦ ታዲያ በድፍድፍ ነዳጅ ማጣሪያ ጥላሸት የለበሰው ካታሊስትስ?

ነጭ ጋውን፦ እሱ «ተሸፈነ» ነው፣ አልተመረዘም። ጥላሸቱ መተላለፊያውን ሲደፍን በመግቢያውና በመውጫው መካከል ያለው የግፊት ልዩነት ይጨምራል። መፍትሔው ናይትሮጅን ላይ ጥቂት አየር ቀላቅሎ ቀስ እያሉ ማቃጠል ነው። አየሩ ከበዛ ሙቀቱ ያሻቅባል፤ ደቃቅ የብረት ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ይተልቃሉ፣ ገጹም ያንሳል። ያን ጊዜ ማቃጠልም ማጽዳትም አይመልሰውም፤ ቅያሪ ነው።

ሰምና ወርቅ፦ የተመረዘውን ለመለየት ደግሞ ከላይ እስከ ታች የተተከሉትን ቴርሞሜትሮች ማየት ነው። በአሞንያው ምድጃ የመግቢያው ክፍል ሙቀት ማመንጨት ሲያቆም በጣም የሚሞቀው ቦታ ወደ መውጫው እየወረደ ይሄዳል። ግፊቱ ሳይለወጥ ይህ ከታየ፣ መጀመሪያ የሚመረመረው የሚገባው ጋዝ ነው።