ወራጁ ሴል የት ይወርዳል? በጋራ ፕሮፖዛላችን ረቂቅ ላይ

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እሑድ ቱሉ ዲምቱ በተነጋገርነው መሠረት ረቂቁን ጨርሻለሁ። ጥያቄያችን አንድ ነው፦ በሶሪያሲስ (ቆዳን እያሳበጠ ቅርፊት የሚያስይዝ የቆየ ሕመም) እና በችፌ ጊዜ ነጭ የደም ሴሎች ከደም ወጥተው ቆዳ ውስጥ እንዴት ይገባሉ? ናሙናውን «ደም ብቻ» ብዬዋለሁ፤ ስለት የሚፈራው ብዙ ነው። አስተያየት እስከ ዓርብ።

የላብራቶሪው ልጅ፦ «ደም ብቻ» ላይ አልስማማም። ደም መንገድ ነው፤ እኛ የምንፈልገው የወረደውን። ታክሲ ውስጥ ያለውን ሰው ቆጥሮ ኮዬ ፈጬ ማን እንደሚኖር ማወቅ አይቻልም።

ሲስተር፦ ምሳሌህ ረቂቁ ውስጥ ትግባ። እስቲ አብራራት።

የላብራቶሪው ልጅ፦ እሺ። ቆዳ ሲቆጣ ውስጡ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ግድግዳቸው ላይ ኢ-ሴሌክቲን የሚባል ፕሮቲን ያወጣሉ። ወደ ቆዳ የሚሄደው ቲ ሴል፣ ማለትም አንዱ የነጭ የደም ሴል ዓይነት፣ ደግሞ ከእሱ ጋር የሚያያዝ ምልክት ለብሷል። ሲነካኩ ሴሉ ፍጥነቱ ቀንሶ ግድግዳው ላይ መንከባለል ይጀምራል። ይሄ ገና «ወራጅ አለ!» ማለት እንጂ መውረድ አይደለም። ቀጥሎ ኬሞካይን የሚባል ሴል የሚጠራ ፕሮቲን አለ፤ እንደ ረዳት «ቃሊቲ ቃሊቲ» እያለ የሚጣራ። ጥሪው የገባው ሴል ኢንቴግሪን የሚባሉ መያዣ ፕሮቲኖቹን ዘርግቶ ግድግዳው ላይ ካለው አይካም-1 ከሚባል ፕሮቲን ጋር ይጣበቅና ይቆማል። ከዚያ ጠፍጠፍ ብሎ በግድግዳው ሴሎች መሃል ሾልኮ ይወጣል። ታክሲው ግን አይቆምም፤ ደሙ እየሄደ ነው ዘሎ የሚወርደው። ምሳሌዋ እዚህ ላይ ትንሽ ታነክሳለች።

እትዬ፦ እኔ የራሴን ልናገር። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አራተኛ ፎቅ አወጣለሁ። ጠርዙ ቀኝ እግሬን ይፈገፍገኛል፤ ሶሪያሲሱም የወጣው እዚያው መስመር ላይ ነው፣ በጣት ስፋት። በቅባት ጠፍቶ ከረመና ተመልሶ እዚያው! ቦታውን እንኳ አልሳተም። ለምንድን ነው?

ሐኪሙ፦ እትዬ፣ ጥያቄዎ ረቂቁን ቀየረው። ፍትጊያ ሶሪያሲስን እንደሚቀሰቅስ ጀርመናዊው ሐኪም ኮብነር በ19ኛው ክፍለ ዘመን አስተውሎታል፣ በስሙም ይጠራል። እዚያው መመለሱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከገቡት ቲ ሴሎች አንዳንዶቹ ወደ ደም አይመለሱም፤ ቆዳው የዳነ መስሎ ሳለ ቤት ተከራይተው ይቀመጣሉ። ሲቆሰቆሱ ቀድመው ኢንተርሉኪን-17 የሚባል መልእክተኛ ፕሮቲን ይረጫሉ፣ በዚያም ሰበብ ኒውትሮፊሎች፣ ሌሎቹ ነጭ የደም ሴሎች፣ ይጠራሉ። ስለዚህ ናሙናው ከሦስት ቦታ ይሁን፦ ከታመመው፣ ከዳነው፣ ታሞ ከማያውቀው። 4 ሚሊሜትር ባዮፕሲ፣ ማለትም ተቆርጣ የምትወጣ የቆዳ ናሙና፣ ከምስር ፍሬ አትበልጥም፤ በማደንዘዣ ነው የምትወሰደው።

ገንዘብ ያዥ፦ ቆይ፣ ባዮፕሲ ብር ነው። በሩን የሚዘጋ መድኃኒት ብንጠይቅ አይሻልም?

ሐኪሙ፦ ተሞክሯል። ኢፋሊዙማብ ቲ ሴሉ ግድግዳው ላይ እንዳይጣበቅ ያደርግ ነበር። አሜሪካ ውስጥ በ2003 እ.ኤ.አ. ለሶሪያሲስ ተፈቅዶ በ2009 ከገበያ ወጣ፤ ከኢንፌክሽን የሚጠብቀው ዘበኛ ሴልም አብሮ ስለታገደ አንዳንዶቹን ገዳይ የአንጎል ኢንፌክሽን ያዛቸው። የአሁኖቹ በሩን ትተው ጥሪውን ያፍናሉ፣ ኢንተርሉኪን-17ን ወይም 23ን። ዋጋቸውን ባናነሳው ይሻላል።

ሲስተር፦ መጠይቁ ላይ «ቆዳዎ ቀልቷል?» የሚለው ይውጣልኝ። በእኛ ቆዳ ላይ ሐምራዊ፣ ቡናማ ወይም ግራጫ ሆኖ ነው የሚታየው። አንዷ እናት «አልቀላም» ስላሉ «የለም» ተብሎ ተሞላላቸው፤ በእጄ ጀርባ ስነካው ግን ይፋጅ ነበር።

ጸሐፊ፦ ወጥቷል። ናሙናውም «ደምና ከሦስት ቦታ ቆዳ» ሆኗል። መጀመሪያ የምናንኳኳው ዘነበወርቅ ነው፣ የአርማወር ሐንሰን ምርምር ተቋም፤ በ1970 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ለሥጋ ደዌ ምርምር ስለሆነ ቆዳ አዲስ አይሆንባቸውም። እትዬ፣ ለፈቃደኞቹ ዝርዝር ስምዎን ልጻፍ?

እትዬ፦ ጻፈው። ስፌቱ እስኪደርቅ ግን ጀሪካኑን ማን ሊያወጣልኝ ነው?

ጸሐፊ፦ እውነትም። ገንዘብ ያዥ፣ በጀቱ ላይ «የውሃ አመላላሽ፣ ለአንድ ሰው ሁለት ሳምንት» የሚል መስመር ጨምርልኝ።