ድሮፕ-ኤንኤ ያላጠፋውን ኢንፊኒቲ አሬይ ውስጥ እንዴት ላግኘው?

ሳባ_ዳታ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የአንድ ጣቢያን ወርሃዊ የዝናብ መጠን በፓይተን እየሠራሁበት ነው። ከወር ወር ያለውን የመቶኛ ለውጥ በፓንዳስ (የሠንጠረዥ ዳታ ላይብረሪ) አስልቼ፣ ባዶዎቹን በድሮፕ-ኤንኤ (የጠፋ ዳታ ያለበትን ረድፍ በሚያወጣው ትእዛዝ) አጥፍቼ፣ ለሳይኪት-ለርን (ሞዴል ማሠልጠኛ ላይብረሪ) ስሰጠው ኢንፊኒቲ (ወሰን የለሽ) ወይም ከልክ ያለፈ ቁጥር አለበት ብሎ ይቆማል። አማካዩ ኢንፍ (ኢንፊኒቲ)፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ናን (ቁጥር ያልሆነ ውጤት) ይሆናል። ረድፉ ብዙ ስለሆነ በዓይን መፈለግ አይቻልም። እባካችሁ ተባበሩኝ።

የቁጥር_ሰው፦
ኑምፓይ (የቁጥር ስሌት ላይብረሪ) ውስጥ ኢዝኢንፍ የሚባል ፈንክሽን አለልሽ። አሬዩን (የቁጥሮቹን ድርድር) ስትሰጪው በዚያው ቅርጽ እውነትና ሐሰት የያዘ አሬይ ይመልሳል። በዚያ ላይ ኤኒን ብትጠሪ መኖር አለመኖሩን፣ ሰምን ብትጠሪ ብዛቱን፣ አርግዌርን ብትጠሪ ቦታውን ታገኛለሽ።

ወንዴ_ኮድ፦
እኔ ኢዝፋይናይትን እመርጣለሁ፤ ኢንፍንም ናንንም በአንድ ጊዜ ስለሚለይ። ድሮፕ-ኤንኤ ያለፈው ለፓንዳስ ኢንፍ የጠፋ ዳታ ስላልሆነ ነው። ኮምፒውተር ነጥብ ያላቸውን ቁጥሮች በሚያስቀምጥበት በአይ-ትሪፕል-ኢ 754 ደንብ ባለ 64 ቢት ቁጥር 11 የኤክስፖነንት (የርቢ) ቢቶች አሉት። ሁሉም 1 ሆነው የቀሩት 52 የክፍልፋይ ቢቶች 0 ከሆኑ ኢንፊኒቲ ነው፤ ከ52ቱ አንዱ እንኳ 1 ከሆነ ናን ነው። በዚሁ ደንብ ኢንፍ ከኢንፍ ጋር ሲወዳደር እኩል ነው፣ ናን ግን ከራሱም ጋር እኩል አይደለም።

ሳባ_ዳታ፦
ተባረኩ! አንዱ ዓምድ ላይ ግን ኢዝኢንፍ ታይፕ-ኤረር (የዳታ ዓይነት ስህተት) ይሰጣል።

የቁጥር_ሰው፦
ዲታይፑን (የዓምዱን የዳታ ዓይነት) እዪው፤ ኦብጀክት ነው የሚሆነው፣ ማለትም ንጹሕ ቁጥር አይደለም። ምናልባት ቁጥሩ መሃል ጽሑፍ ገብቶበታል። መጀመሪያ በቱ-ኑሜሪክ ወደ ቁጥር ቀይሪው።

እማማ_ፓይተን፦
ልጄ፣ ማግኘቱ ተገኘ፤ ከየት እንደመጣ ሳታዪ ግን እንዳታጠፊው። በበጋ ዝናብ የሌለበት ወር 0 ነው። ቀጣዩ ወር ትንሽ ከዘነበ በ0 ተካፍሎ ኢንፍ ይሆናል፤ ሁለቱም ወር 0 ከሆነ ደግሞ ናን ነው፣ እሱን ድሮፕ-ኤንኤ ወስዶታል። ረድፎቹን ብትጥያቸው ዝናብ የሚጀምርበትን ወር ከዳታሽ ታወጪያለሽ፣ ያ ደግሞ ዋናው ነገር ነው። በትልቅ ቁጥር መተካትም ሞዴሉን ያዛባል። በመቶኛው ፈንታ የሚሊሜትር ልዩነቱን ውሰጂ።

ማስጠንቀቂያ ያላየሽውም ፓንዳስ ስለሚያፍነው ነው። ስሌቱን በኑምፓይ አሬይ ብትሠሪውና ኤርስቴትን (የኑምፓይን የስሌት ስህተት አያያዝ ቅንብር) «ሬይዝ» ላይ ብታደርጊው በ0 የተካፈለበት መስመር ላይ ይቆምልሻል።

ወንዴ_ኮድ፦
ልጨምር፦ ማካፈል ብቻ አይደለም። የ0 ሎግ አሉታዊ ኢንፍ ነው። ኤክስፖነንሻልም (የኢ ርቢ) በ64 ቢት 710 ላይ፣ በ32 ቢት 89 ላይ ወደ ኢንፍ ያልፋል።

ሳባ_ዳታ፦
አየሁት። ሁሉም ኢንፍ ከደረቅ ወር ቀጥሎ ያለው ወር ላይ ነው። ወደ ሚሊሜትር ልዩነት ቀየርኩት፣ ኢዝፋይናይት ሁሉንም እውነት አለ፣ ሞዴሉም ሠራ። እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ።