የእድራችን ምሳ ለ40 አረጋውያን፦ ከየት እንጀምር?

ጥያቄ፦ የእድር ጸሐፊ፣ ጉለሌ

ሰላም ለሁላችሁ። እድራችን ወደ 300 የሚጠጉ አባወራዎችና እማወራዎች አሉት። በጠቅላላ ጉባኤ በሰፈራችን ጧሪ ለሌላቸው 40 አረጋውያን ከሰኞ እስከ ዓርብ በቀን አንድ ጊዜ ምሳ እንድናበላ ተወስኗል። የእድሩ አዳራሽ፣ ሁለት ትልልቅ ብረት ድስት፣ ወንበርና ሳህን አለን። ማንን እንመዝግብ? በቀን ስንት ኪሎ ያስፈልገናል? ፈቃድ ይጠየቅበታል? በጤና በኩልስ የምንጠነቀቀው ምንድን ነው? ሥራውን የምታውቁት በዝርዝር ብትጽፉልን። ሦስት ወር አብልተን እንዳናቋርጥ በጣም ሰግተናል።

መልስ፦ የእድሮች ኅብረት አስተባባሪ

ስጋታችሁ ትክክል ነው፤ በ40 አትጀምሩ። በ15 ጀምሩ፤ የሦስት ወር እህል ግምጃ ቤት ሳይገባ ደግሞ የመጀመሪያውን ድስት አትጣዱ። አንድ አዛውንት የእናንተን ምሳ ሲያምኑ የቀድሞ መተዳደሪያቸውን ይተዋሉ። ጎረቤት የምታቀብላቸው ሳህን ይቀራል፤ ደጀ ሰላም ይቀመጡበት የነበረውን ቦታ ሌላ ሰው ይይዘዋል። እናንተ ስታቆሙ ያ ሁሉ ተመልሶ አይገኝም። ስለዚህ ጀምሮ ማቋረጥ ጨርሶ ካለመጀመር ይከፋል።

ምዝገባው ላይ ብዙ እድሮች የሚሳሳቱት የአባላት መዝገብ ይዘው ስለሚቀመጡ ነው። በጣም የተቸገረው ሰው እዚያ መዝገብ ላይ የለም። ወርኃዊ መዋጮ መክፈል አቅቶት የተሰረዘውን ፈልጉ፤ ከጸሐፊው እጅ የአምስት ዓመት የተሰናባቾች ስም ይገኛል። ቀጥሎ ከመጀመሪያውም እድር ያልገቡትን አስቡ፦ ተከራይ ሆነው ጓዳ ውስጥ የሚኖሩ፣ በሰው ቤት ሠርተው ጉልበታቸው ሲያልቅ የወጡ፣ ላስቲክ ወጥረው የሚያድሩ። ከዚያ የወረዳውን የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ዝርዝር ተቀበሉና ከራሳችሁ ጋር አስተያዩ። የወረዳው ዝርዝር አንዳንዴ ያረጀ ነው። በኮሪደር ልማት ተነሥተው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች መንደሮች የሄዱ ሰዎች ስም አሁንም በቀድሞ ወረዳቸው ሊገኝ ይችላል። ቤት ለቤት ሳትሄዱ ማንንም አትጻፉ፤ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፤ አንዷ ሴት ትሁን።

ሌላ ቦታ የሚበላ መኖሩንም አጣሩ። ከተማው በሚያካሂደው በተስፋ ብርሃን የምገባ ማዕከል ተመዝግበው እዚያ መድረስ ያቃታቸው አሉ፤ እነሱን ውሰዱ። መድረስ የሚችለውን ግን ቦታውን እንዲለቅ አታድርጉ።

አልጋ ላይ የዋለና ማንም የሌለው ሰው ስታገኙ ምሳ ብቻውን አያድነውም። ቢኒያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. የመሠረተው መቄዶንያ፣ ስድስት ኪሎ ያሉት የማዘር ቴሬዛ እኅቶች፣ እንዲህ ያለውን ሰው የሚያስጠጉ ናቸው። ቦታ ሁልጊዜ አይገኝም፤ ሆኖም ከወረዳ የተጻፈ ደብዳቤና ሰውየው ዘመድ እንደሌለው የሚያስረዳ የእድሩ ማስረጃ ተይዞ ሲኬድ ነገሩ ይፈጥናል። መጀመሪያ ራሱን ሰውየውን ጠይቁት። ቤቱን መልቀቅ የማይፈልግ አለ፤ ፈቃዱ ይከበር።

መልስ፦ የማኅበር ወጥ ቤት ኃላፊ

የ40 ሰው ልክ እሰጣችኋለሁ፤ ለ15 ስትጀምሩ በዚያው ስሌት ቀንሱት።

እንጀራ ለአንድ አረጋዊ አንድ ሙሉ ይበቃል። ለጭማሪ አምስት ያዙና 45 አድርጉት። ከአንድ ኪሎ ዱቄት፣ እንደ ምጣዱ ስፋትና እንደ ሊጡ ውፍረት፣ ሦስት ወይም አራት እንጀራ ይወጣል። በቀን 13 ኪሎ ነው፤ በ22 የሥራ ቀን ሲባዛ በወር ሦስት ኩንታል ግድም። ጤፉን በእህሉ ግዙና ራሳችሁ አበጥራችሁ አስፈጩ። ገዝታችሁ የምታቀርቡት እንጀራ ምን እንደተደባለቀበት አታውቁም፤ ጀሶ የገባበት እንጀራ በዚህ ከተማ ተይዟል። ግዢው ከአዝመራው በኋላ ጥርና የካቲት ላይ ቢሆን ይረክሳል፤ ክረምት ገብቶ ስትገዙ ዋጋው ወገብ ይቆርጣል።

ለሽሮ ቀን በሰው 50 ግራም፣ በድምሩ 2 ኪሎ ዱቄት ከ12 እስከ 14 ሊትር ውሃ ይጠጣል። ሽንኩርት 2 ኪሎ ተኩል፣ ዘይት 1 ሊትር፣ ነጭ ሽንኩርት 200 ግራም። ድስቱ ከ25 ሊትር ካነሰ ይገነፍልባችኋል። ዱቄቱን የፈላ ውሃ ላይ አትበትኑት፣ ይጓጉላል፤ በባልዲ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣችሁ እያማሰላችሁ ጨምሩት። ትልቅ ድስት ሥሩን ሲይዝ እንዳትፍቁት፤ ላዩን ወደ ሁለተኛው ድስት ገልብጡና ቀጥሉ። ከፋቃችሁት የእርሩ ሽታ ሁሉንም ያበላሸዋል።

ለምስር ወይም ለክክ ቀን 2 ኪሎ ተኩል ደረቅ እህል በቂ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ጥራጥሬ ቶሎ አይበስልም። ባቄላና ሽምብራ ሌሊቱን ካልዘፈዘፋችሁ ለምሳ አይደርስም፤ የማገዶው ወጪም እጥፍ ይሆናል።

አሁን ዋናው ማስጠንቀቂያ። ገበያ ላይ በጣም የረከሰ ሽሮ ስታገኙ ጓያ ገብቶበት ይሆናል ብላችሁ ጠርጥሩ። ጓያ አንድ ቀን ቢበላ ምንም ላይሆን ይችላል። በየቀኑ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ግን እግር ያሽመደምዳል፤ ሽባነቱም አይመለስም። እናንተ ደግሞ የምታበሉት ያንኑ ሰው፣ በየቀኑ፣ ለዓመታት ነው። አተሩን ወይም ሽምብራውን በፍሬው ግዙ፤ አንድ ሰው ከወፍጮው ሥር ቆሞ አስፈጭቶ ይመለስ።

ሁለት ነገር ልጨምር። በኤሌክትሪክ ምጣድ የምትጋግሩ ከሆነ መብራት የሚጠፋበትን ቀን አስቡ፤ የዛሬ እንጀራ ትናንት ማታ የተጋገረ ይሁን። ሌላው፣ የእድሩን ብረት ድስት ለዚህ ሥራ አትመኑት። ሰው ሲሞት ድስቱ፣ ወንበሩና ሳህኑ ለቅሶ ቤት ሄዶ እስከ ሠልስት አይመለስም። ሁለት ድስት፣ 50 ሳህን፣ ሦስት ጭልፋ፣ ረጅም ማማሰያ ለምሳው ብቻ ይገዛ፤ መለያ ቀለም ይቀባበት።

ውሃው በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር፦ ማብሰያው፣ የሚጠጣው፣ የእጅ መታጠቢያውና የዕቃው ማጠቢያ ሲደመር ለ40 ሰው በቀን 250 ሊትር ያህል ይሄዳል። የ1,000 ሊትር ሮቶ አራት ቀን ያቆያችኋል።

መልስ፦ የሒሳብ ባለሙያ

ስለ ፈቃዱ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እንደ እድርና እቁብ ያሉትን ባህላዊ ተቋማት አይመለከትም። ስለዚህ አባላት ከራሳቸው ኪስ አዋጥተው የሰፈራቸውን ሰው ለማብላት አዲስ ድርጅት ማቋቋም የለባቸውም። የሚያስፈልጋችሁ የራሳችሁን መተዳደሪያ ደንብ ማሻሻል ነው። ብዙው የእድር ደንብ ገንዘቡ ለቀብርና ለሐዘንተኛ እንደሚውል ብቻ ይናገራል፤ ጉባኤ በቃል መስማማቱ አይበቃም። ነገ አንድ አባል «የእኔ የቀብር ገንዘብ ለምን ወጥ ሆነ?» ቢል መልስ የላችሁም። አንቀጹን ጻፉ፣ በጉባኤ አጽድቁ፣ ቃለ ጉባኤውን አስፈርሙ፣ ለወረዳው አሳውቁ።

ከአባላት ውጭ ወጥታችሁ ከሕዝብ ገንዘብ ልትሰበስቡ ስታስቡ ግን ነገሩ ይለወጣል። ለዚያ ከአምስት ያላነሱ ሰዎች ያሉበት የበጎ አድራጎት ኮሚቴ ሆናችሁ ከሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ፈቃድ መጠየቅ አለባችሁ። ሥራው ሰፍቶ ራሱን የቻለ ድርጅት ይሁን ካላችሁ ሁለት መንገድ አለ፦ አምስትና ከዚያ በላይ አባላት ያሉት ማኅበር፣ ወይም ከ5 እስከ 13 አባላት ባሉት ቦርድ የሚመራ ድርጅት። ያኔ አስተዳደራዊ ወጪያችሁ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳያልፍ ሕጉ ያስገድዳል። በእኔ አስተያየት የመጀመሪያውን ሁለት ዓመት በእድርነታችሁ ቆዩ፤ ሪፖርትና ኦዲት የሚጠይቀው ጉልበት ከወጥ ቤቱ ይወሰድባችኋል።

ገንዘቡን ለዩት። የምሳው ሒሳብ ሌላ የባንክ ደብተር ይኑረው፤ ሦስት ፈራሚ ይኑር፣ ለማውጣት ሁለቱ ይፈርሙ። ገቢ ሁሉ ተከታታይ ቁጥር ባለው ደረሰኝ ይግባ፤ ሰው በዓይነት የሰጠው አንድ ጆንያ ሽንኩርትም ይመዘንና ደረሰኝ ይቆረጥለት። ግምጃ ቤቱ ላይ ለየዕቃው ቢን ካርድ ስቀሉ፤ የገባ፣ የወጣ፣ ቀሪ። ገዢውና ግምጃ ቤት ያዡ አንድ ሰው እንዳይሆኑ። ደረሰኝ ከማይሰጥ ገበሬ ስትገዙ ሁለት ሰዎች ሂዱ፤ ዋጋውን፣ ሚዛኑንና ቀኑን በቃለ ጉባኤ ይዛችሁ ፈርሙበት። ጉድለት የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከዘይት ነው፤ ዘይት በጄሪካን ለወጥ ቤት አይሰጥ፣ በየቀኑ በሊትር እየተለካ ይውጣ።

መልስ፦ ነርስ

ጨውን ቀንሱ። በርበሬውም ሚጥን ሽሮውም ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበት ሊሆን ስለሚችል ሳትቀምሱ አትጨምሩ። ለ40 ሰው ድስት 80 ግራም፣ ማለት በሰው 2 ግራም፣ ጣሪያው ይሁን። ከአረጋውያኑ ብዙዎቹ የደም ግፊት አለባቸው። ጨው አነሰ የሚል ካለ ሎሚ አቅርቡ።

በመዝገቡ ላይ ከስም ቀጥሎ አራት ነገር ጻፉ፦ ስኳር፣ ግፊት፣ ጥርስ፣ መዋጥ። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ሰልፍ አይጠብቅም፤ ከሁሉ በፊት ይቅረብለት። ጥርስ ለሌለው እንጀራውን በሽሮው ፈትፍታችሁ ስጡት። ሲውጥ የሚያስለው ሰው ተደግፎ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፤ ከበላ በኋላም ግማሽ ሰዓት አይተኛ።

የበሰለ ምግብ ሙቀቱን ይዞ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይበላ። ድስቱ ተከድኖ ለብ ብሎ ከዋለ ተመልሶ ቢፈላም አያስተማምንም። የተረፈውን ለነገ አታሳድሩ፤ የሚበላውን ሰው ቁጥር ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አረጋግጣችሁ በልኩ ሥሩ። ከሁለት ሳምንት በላይ የሚያስለው ሰው ካለ ወደ ጤና ጣቢያ ላኩት፤ የቲቢ ምርመራውም ሕክምናውም ነጻ ነው። ይህን ለራሱ ብቻ፣ በጆሮው ንገሩት።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካርድ የሌላቸውንም ቁጠሩ። መክፈል ለማይችል አባወራ መንግሥት ይከፍልለታል፤ መለየቱ ግን በወረዳ ነው፣ ካርዱም በየዓመቱ ይታደሳል። ማደሱን ብዙ አረጋውያን ይረሱታል። ሆስፒታል በቀጥታ የሄደም ከኪሱ እንዲከፍል ስለሚደረግ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሄደው የሪፈር ወረቀት እንዲይዙ አስረዷቸው።

ጥያቄ፦ የእድር ጸሐፊ፣ ጉለሌ

እግዚአብሔር ይስጥልን። ሁለት ነገር ቀረኝ። ከተመዘገቡት ውስጥ ክርስቲያንም ሙስሊምም አሉ፤ ጾምና ሥጋ እንዴት ይሁን? ከቤት መውጣት የማይችሉት ሰባት ናቸው፤ ለእነሱስ?

መልስ፦ የማኅበር ወጥ ቤት ኃላፊ

ዓመቱን ሙሉ የጾም ምግብ ሥሩ። ረቡዕና ዓርብን መቁጠር ይቀርላችኋል፤ የማን ሥጋ ነው የሚለው ጥያቄም አይነሣም፤ ከአንድ ድስት ሁሉም ይበላል። የሚጎድለውን ገንቢ ምግብ በአተር፣ በምስርና በሽምብራ ትሞሉታላችሁ። የሚያስቸግረው ምግቡ ሳይሆን ሰዓቱ ነው። በዓቢይ ጾም ብዙ እናቶች እስከ 9 ሰዓት አይቀምሱም። 6 ሰዓት ተኩል ላይ ስትሰጧቸው በጉያቸው ይዘውት ይሄዱና ምሽት ቀዝቅዞ ይበሉታል፤ ሆድ የሚያሳምማቸው ያ ነው። በጾሙ ወቅት ማዕዱን ወደ 9 ሰዓት አዙሩት። በረመዷን ለሚጾሙት ደግሞ የሳምንቱን ድርሻ በደረቁ ስጡ፦ ሽሮ፣ ዘይት፣ ቴምርና የአጥሚት ዱቄት።

መልስ፦ የእድሮች ኅብረት አስተባባሪ

ለሰባቱ 14 ምሳ ዕቃ ግዙ፤ ለአንድ ሰው ሁለት። ሙሉውን ስታደርሱ የትናንቱን ባዶ ትቀበላላችሁ፤ አለበለዚያ ዕቃ ፍለጋ ቀኑ ያልፋል። ክዳኑ ላይ ቁጥር ይጻፍ፣ ስም አይጻፍ። ከአዳራሹ ሰዎች በፊት የነሱ ይውጣ፤ አድራሹ ወጣት ከሦስት ቤት በላይ አይያዝ። ደጅ አስቀምጦ መመለስ የለም፤ ገብቶ ያያል፣ ያናግራል፣ ውሃ መኖሩን ያረጋግጣል።

ሲበሉ ፎቶ አታንሡ። ለጋሽ ማስረጃ ቢጠይቅ ቢን ካርዱን፣ ደረሰኙንና የሞላውን ግምጃ ቤት አሳዩት። ሰልፍም አይኑር፤ ወንበር ላይ ተቀምጠው እጃቸው በማስታጠቢያ ይታጠብ፣ ምግቡ ወደነሱ ይሂድ፤ ለቅሶ ቤት እንግዳ እንደምታስተናግዱት።

በየቀኑ ስም ይጠራ። አንድ ቀን የቀረ ሰው ስሙ ይከበብበት፤ በማግስቱም ከቀረ 8 ሰዓት ሳይሞላ ቤቱ ይንኳኳ። ይህን የሚያደርግ አንድ ሰው ከአሁኑ ሰይሙ፤ የእድሩ ለፋፊ ቤቱን ሁሉ ስለሚያውቅ ከማንም ይሻላል።

የእድር ጸሐፊ፣ ጉለሌ

ለፋፊያችንን ዛሬ ማታ አናግራለሁ። በ15 እንጀምራለን፤ ሰባቱ ከቤት የማይወጡት በመጀመሪያው ዝርዝር ውስጥ ይገባሉ።