የኮሽም አጥር ዕቅድ፦ በረቂቁ ላይ የአባላት ውይይት

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ክቡራን አባላት፣ የማኅበራችንን የአትክልት ቦታ እሾሃማ በሆነው የፍሬ ዛፍ በኮሽም ለማጠር የተዘጋጀው ረቂቅ «ከሠፈር አጥሮች ፍሬ ተለቅሞ ችግኝ ይፍላ፤ በሐምሌም ይተከል» ይላል። አስተያየታችሁ እስከ እሑድ ይጠበቃል።

የችግኝ ጣቢያው ተጠሪ፦
«ከሠፈር አጥሮች» የሚለው እንዲታረም አጥብቄ እጠይቃለሁ። በሠፈሮቻችን ኮሽም እየተባለ ለአጥር የሚተከለው ብዙ ጊዜ ከደቡባዊ አፍሪካ የመጣው የኮሽም ዘመድ ነው፤ ፍሬው ተለቅ ያለና ቢጫ፣ እሾሁም ረዘም ያለ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 እስከ 3,000 ሜትር በሚደርሰው ወይና ደጋና ደጋ የሚበቅለው አገር በቀሉ ኮሽም ግን ፍሬው አነስ ብሎ ሲበስል ወደ ብርቱካንማ ያደላል። ስለዚህ ፍሬው ከመለቀሙ በፊት እናት ዛፎቹ በጫካ ዳር ታይተው ምልክት ይደረግባቸው።

ከአባላት አንዷ፦
በወንድማችን ሐሳብ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ከዚህ የሚከብድ ጉዳይ ቀርቷል። ኮሽም ወንዱና ሴቱ በተለያየ ዛፍ ላይ ስለሆነ፣ ከዘር የፈላ ችግኝ እስኪያብብ ድረስ ጾታው አይታወቅም። አበባው መልካ ቅጠል (ባለ ቀለሙ የአበባ ቅጠል) የለውም፤ ወንዱ በእጅብ፣ ሴቷ ግን አብዛኛውን ጊዜ ነጠላ ሆና ታብባለች። ፍሬ የምንፈልግ ከሆነ፣ ማፍራቷ ከተረጋገጠ ዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጦ ማጽደቅን ዕቅዱ ቢያንስ በሙከራ ደረጃ ሊይዝ ይገባዋል፤ አለበለዚያ ዓመታት የደከምንበት ረድፍ እኩሌታው ያለ ፍሬ ሊቀር ይችላል።

ሌላ አባል፦
የአጥሩ ዋና ዓላማ ከብት ማገድ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ወንዱም እሾኽ አለው። ወጪውን አናብዛ።

ከአባላት አንዷ፦
ልክ ነው። እንግዲያው የውጭው ረድፍ ከዘር ይፍላ፤ ለልጆቻችን ፍሬ የሚሰጠው የውስጡ ረድፍ ግን ከተመረጡ ሴት ዛፎች ይሁን። ከውጭው ረድፍ የሚገኙት ወንዶች ለውስጦቹ የአበባ ዱቄት ይሰጣሉ።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
አንቀጹን እንዲህ አስተካክዬዋለሁ፦ «አገር በቀል እናት ዛፎች በፍሬያቸው ወቅት ተለይተው ምልክት ይደረግባቸው፤ ለውጭው ረድፍ የበሰለ ፍሬ ተለቅሞ፣ ዘሩ ከሥጋው ታጥቦና በጥላ ደርቆ ይፍላ፤ ለውስጡ ረድፍ የቅርንጫፍ ማጽደቅ ሙከራ ይደረግ፤ ተከላው በክረምቱ መግቢያ ይከናወን።» እናት ዛፎቹን ለመለየት የሚወጡ ሦስት አባላት ፈቃደኝነታቸውን እዚሁ ያሳውቁ።